ለልጆቻችን ትምህርት ጠየቅን፣ እኛን ያለ ደሞዝ ቀጠራችሁን፦ ለክፍለ ከተማችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የክፍለ ከተማችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች፣
እንዲሁም በየወረዳው ለምትገኙ የትምህርት ኃላፊዎችና ርዕሳነ መምህራን፣

ጤና ይስጥልን።

ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው በመሀል አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ በድጋፍ ክፍል ውስጥ የሚማሩ ልጆች ወላጆች ነን። አብዛኞቹ ልጆቻችን ኦቲዝም፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ወይም ሰው «ሃይፐር» የሚለው ኤዲኤችዲ (ትኩረት የመሰብሰብና ረግቶ የመቀመጥ ችግር) አለባቸው። አንዳንዶቹ ከአንድ በላይ አለባቸው። የትምህርት ቤቱን ስም ያልጻፍነው ፈርተን አይደለም። ስሙን ከጻፍን ነገሩ የአንድ ርዕሰ መምህር ጥፋት ይመስልና እሳቸው ላይ ያልቃል። እሳቸው ደግሞ መመሪያው ከላይ እንደመጣ ነግረውናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ወር በትምህርት ቤቱ በር ላይ ማህተም ያረፈበት ማስታወቂያ ተለጠፈ። ከእያንዳንዱ የድጋፍ ክፍል ተማሪ ጋር አንድ የቤተሰብ አባል ቀኑን ሙሉ አብሮ ይዋል ይላል። ይህን ማድረግ ያልቻለ ቤተሰብ ልጁን «ሁኔታዎች እስኪመቻቹ» ቤት ያቆየው ይላል። ስብሰባ አልተጠራም፣ አስተያየት አልተጠየቅንም። እስከ መቼ እንደሆነም አልተጻፈበትም።

ቀኑን ሙሉ የሚቀመጥ ሰው ያለው ቤት የቱ ነው? አንዷ እናት ስታዲየም አካባቢ ጀበና ቡና ታፈላ ነበር። ማስታወቂያው ከወጣ ወዲህ ረከቦቷን ሰብስባ ለጎረቤት ሰጥታለች። አሁን ክፍሉ በር ላይ ባለው ድንጋይ ተቀምጣ ትውላለች። ማታ የቤት ኪራይ ታስባለች። ሌላዋ በ2017 ካዛንቺስ ሲፈርስ ወደ ገላን ጉራ የሄደች ናት። በድሮው ግቢ እሷ ጉዳይ ስትሄድ ልጁን የሚያይ ጎረቤት አይጠፋም ነበር። ልጁ እየጮኸ ቢሮጥም «የእትዬ እገሊት ልጅ ነው» ብሎ ይዞ የሚመልሰው ሰው ነበር። አሁን ያ ሁሉ ሰው ተበትኗል። በአዲሱ ሰፈሯ እንዲህ ያለ ክፍል ስላላገኘች ዛሬም ልጁን መሀል ከተማ ድረስ ታመጣዋለች። በሁለት ታክሲ፣ ልጁ መስኮት አጠገብ ካልተቀመጠ አልገባም እያለ፣ ረዳቱ «ልጅሽን አትቀጪም እንዴ!» እያለ።

የሦስተኛዋን ስሙና ፍረዱ። ይህቺ እናት ቢሮ ታጸዳለች፤ ከቀረች ትባረራለች። ስለዚህ ከልጁ ጋር እንድትውል የላከችው የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የሆነች ሴት ልጇን ነው። ልጅቷ ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ ደብተሯን ይዛ፣ ከወንድሟ ክፍል ጥግ ትቀመጣለች። እህትየው የምትማርበት ትምህርት ቤት ደግሞ ቀሪ እያለ ይመዘግባታል። አንድ ልጅ ትምህርት ቤት ለማስገባት ሌላ ልጅ ወጣች ማለት ነው። ይህ በየትኛው ሪፖርት ላይ ይጻፋል? በእናንተ መዝገብ ወንድሙ ተመዝግቦ የሚማር ተማሪ ነው። አካል ጉዳተኛውን ከሌላው ልጅ ጋር የሚያስተምረው «አካቶ ትምህርት» ተሳክቷል።

አባቶችም አሉን። ከመካከላቸው ላዳውን አቁሞ በር ላይ የሚውል አንድ አባት አለ፤ እግዜር ይስጠው። የቀሩት በስብሰባ ቀን ሥራ ይበዛባቸዋል። ይህ የእናንተ ጥፋት ስላልሆነ እንለፈው።

ወደ ስልኩ እንምጣ። ማስታወቂያው ከመለጠፉ በፊትም ቢሆን ኑሯችን ስልክ ጥበቃ ነበር። ረፋድ 4 ሰዓት ገደማ ይደወላል። «ነይ ውሰጂው፣ ዛሬ አልቻልነውም።» ምን አድርጎ ነው ስንል መልሱ አጭር ነው። ወንበር ገለበጠ፣ ተናከሰ፣ ልብሱን አወለቀ። ከዚያ በፊት ምን ተፈጥሮ ነበር ብለን ስንጠይቅ ግን የሚያውቅ የለም። የሚጽፍ ደግሞ ጭራሽ የለም።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ እንድትሰሙን እንፈልጋለን፤ ምክንያቱም የነገሩ ሥር ያለው እዚህ ነው። አፉን ያልፈታ ልጅ የሚያስቸግረው ያለ ምክንያት አይደለም። ወይ ከከበደው ነገር ማምለጥ ፈልጓል፣ ወይ የሚወደውን ነገር ፈልጓል፣ ወይ ሰው እንዲያየው ፈልጓል፣ ወይ ደግሞ ሰውነቱ መዝለልን ወይ መንከስን ራሱን ፈልጓል። በዚህ ሙያ የሠለጠነ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ከጥፋቱ በፊት ምን ነበር? ከጥፋቱ በኋላ ልጁ ምን አገኘ?

የክፍላችንን አንድ ልጅ በዚህ እንየው። ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እርሳስ መያዝ ይከብደዋል፤ ጣቶቹ ቶሎ ይደክማሉ። አንድ ቀን እርሳስ ሲያስይዙት ወንበር ገለበጠ። ለእናቱ ተደወለ፤ መጥታ ቤት ወሰደችው። ቤት ውስጥ እርሳስ የለም፤ የሚወዳት ድመት ግን አለች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ እርሳሱ ገና ከሳጥን ሲወጣ ወንበሩ መሬት ላይ ነው። ቀጥሎ ደግሞ መምህሩ ወደ ሳጥኑ ሲራመዱ ብቻ። ልጁ ምን ተማረ? ወንበር ከገለበጥኩ እናቴ ትመጣለች፣ ቤት እሄዳለሁ። ጥሩ አድርጎ ተምሯል። ያስተማረው ደግሞ ያ የስልክ ጥሪ ነው። ከዚያ በኋላ «ባህሪው እየባሰበት ነው» ተብሎ ቃለ ጉባኤ ተያዘበት፤ ቃለ ጉባኤው ደግሞ ለአዲሱ ማስታወቂያ ማስረጃ ሆነ።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ለአጭር ጊዜ እርሳስ፣ ከዚያ እረፍት፣ ነገ ትንሽ ጨመር። «በቃኝ» የሚልበት ካርድ መስጠት፣ ካርዱን ባሳየ ጊዜም ማክበር። ይህን ከውጭ አገር ፊልም ላይ አላየነውም። እዚሁ ክፍል ውስጥ ሲሠራ ያየነው ነው። ቀድሞ የነበረችው መምህርት ከአሮጌ ካላንደርና ከካርቶን ሥዕል ቆርጣ ነበር። ቦርሳ፣ ደብተር፣ ሽንት ቤት፣ የምገባ ሳህን፣ ኳስ፣ ቤት። በሲባጎ ላይ በልብስ መቆንጠጫ በተራ ትሰቅላቸዋለች። አንዱ ሥራ ሲያልቅ ልጆቹ ራሳቸው ሥዕሉን ነቅለው ሳጥን ውስጥ ይከታሉ። ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ስለሚያውቁ አይደነብሩም። ቀይ ካርድ ደግሞ ነበራት፤ «በቃኝ» ማለት ነው። የዘጠኝ ዓመቱን ልጅ ጨምሮ ሁሉም ይጠቀሙበት ነበር። መምህርቷ በመምህር እጥረት ምክንያት ወደ መደበኛ ክፍል ተዛወረች። ሲባጎው የወረደው ደግሞ ሱፐርቪዥን ሊመጣ ነው ተብሎ ግድግዳ ሲጸዳ ነው። አዲሱ መምህር ቅን ሰው ናቸው፤ የሠለጠኑት ግን ለሒሳብ ነው። ከእሳቸው ጋር ያሉት ልጆች አንዱ መስማት የተሳነው፣ አንዷ ዳውን ሲንድረም ያለባት፣ ብዙዎቹ ደግሞ ኦቲዝም ያለባቸው ናቸው፤ መምህሩ ረዳት የላቸውም። እኛን በር ላይ ያስቀመጠን ይህ ክፍት የሥራ መደብ ነው።

ስለ ድምፅም አንድ ነገር አለን። የሚኒ ሚዲያው ድምፅ ማጉያ የተሰቀለው ከድጋፍ ክፍሉ መስኮት በላይ ነው። ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ ልጆች ድምፅ ከሌላው ሰው አብልጦ ይሰማቸዋል፤ ያማቸዋል ማለት ይቻላል። ጠዋት ማጉያው ሲከፈት አንዱ ልጅ ጆሮውን ይዞ ከሰልፍ ይሮጣል። አንድ ቀን መምህር ያዘውና ለሰንደቅ ዓላማ ክብር አልሰጠህም ብሎ ምሰሶው ሥር አንበረከከው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይናገራል። ልጁ መዝሙሩን አልጠላም፤ ቤት ውስጥ በለሆሳስ ያንጎራጉረዋል። ማጉያውን ወደ ሜዳው ለማዞር መሰላልና ፒንሳ ይበቃል። ጠይቀናል። «ለበላይ አካል እናሳውቃለን» ተባልን።

በሩ ደግሞ ዋናው አስፋልት ላይ ነው። መንገዱ ሰፍቷል፣ መኪናው ፈጥኗል። ጥበቃዎቹ የሚገባውን ሰው አገላብጠው ይፈትሻሉ፤ የሚወጣውን ልጅ ግን ማንም አላዘዛቸውም። ከልጆቻችን አንዱ ሾልኮ ወጥቶ አዲስ ከተሠሩት ፏፏቴዎች አንዱ ጋ ተገኝቷል፤ ውሃ ይወዳል። ያገኙት የመንገድ ጽዳት ሠራተኞች ናቸው። በዚያ ቀን ለእናትየው የተነገራት «ልጅሽን ተቆጣጠሪ» የሚል ነው። ልጁን ጠዋት ያስረከበችው ለማን ነበር?

ወረቀት ይቀራል። በየዓመቱ መስከረም ላይ የሕክምና ማስረጃ አምጡ እንባላለን። ኦቲዝም ክረምት ሲወጣ የሚለቅ ጉንፋን ይመስል አዲስ ቀን ያለው ወረቀት ይፈለጋል። ለልጅ የአእምሮ ሐኪም ቀጠሮ ማግኘት ምን ያህል እንደሚፈጅ የጠየቀን የለም። ወረቀቱ ከመጣ በኋላ ደግሞ ፋይል ውስጥ ይገባል እንጂ መምህሩ አያነበውም። በሰኔ የመጣው የአንዷ ልጅ የውጤት ካርድ በየትምህርቱ ሰረዝ ነው። የተሞላው አንድ ቦታ ብቻ ነው፦ ጠባይ፣ ዲ።

ስለ ጠባይ ካነሳን፣ ባለፈው ዓመት የወላጅ ስብሰባ ላይ አንድ ኃላፊ «እናንተ እናቶች ስላሞላቀቃችኋቸው ነው» ብለውናል። ስማቸውን አንጠራም፤ የብዙ ሰው አስተያየት ነውና። ግማሹ ቲቪ ነው ይለናል፣ ግማሹ ቡዳ፣ ግማሹ ሞግዚት ጥላው። እስከ 1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ በአሜሪካ ሐኪሞች ጭምር ኦቲዝም የሚመጣው ፍቅር ከማትሰጥ «ቀዝቃዛ እናት» ነው ይሉ ነበር። በ1964 እ.ኤ.አ. ይህን በማስረጃ የሞገተው በርናርድ ሪምላንድ የሥነ ልቦና ባለሙያና ራሱ ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባት ነበር። ዛሬ ኦቲዝም የአንጎል እድገት ልዩነት እንደሆነ፣ በአብዛኛው ከዘር ውርስ ጋር እንደሚያያዝ፣ ከአስተዳደግ እንደማይመጣ ይታወቃል። እዚያ እናቶች ልጃቸውን ስላልወደዱ ነው ተባሉ፤ እዚህ ደግሞ አብዝተን ስለወደድን ነው እንባላለን። የትኛውን እንመን?

ደግሞም ከትምህርት ቤቱ ሰው ሁሉ ቀድመው የገባቸው በምገባ የሚሠሩት እናቶች ናቸው። የዘጠኝ ዓመቱ ልጅ ወጥ የነካው ነገር አይበላም፤ ይታነቃል። አንዷ ይህን አይታ ሳታሰማ ደረቅ ዳቦውን በተለየ ሳህን ታስቀምጥለታለች። ሳህኑ ሰማያዊ ነው። ማንም አላሠለጠናትም፤ አየችና አደረገችው።

ሕጉን ታውቁታላችሁ፤ ቢሆንም እንጻፈው። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 24 ልጅ በጉዳቱ ምክንያት ከአጠቃላይ ትምህርት እንዳይገለል ይከለክላል፤ የሚያስፈልገው ድጋፍ በትምህርት ሥርዓቱ ውስጥ እንዲሰጠው ያዛል። ድጋፉ ከቤት ይምጣ አይልም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ደግሞ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን እንዲደግፍ ያዛል። «አቅም በፈቀደ» የሚለው መጠለያችሁ እንደሆነ እናውቃለን። በጀት የለም ትላላችሁ። ማጉያ ማዞር፣ በር መጠበቅ፣ ሲባጎ መስቀል በጀት አይጠይቅም። ረዳት መቅጠር ይጠይቃል፤ እሱን አንክድም። ግን የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም እንዳለበት ገምቷል። በዚህ ስሌት አንድ ሺህ አምስት መቶ ተማሪ ያለው ትምህርት ቤት አስራ ሁለት ያህል ልጆች ሊኖሩት ይገባል፤ ያውም ኤዲኤችዲና ሌላው ሳይቆጠር። ድንገት የመጡባችሁ እንግዶች አይደሉም። ከሌሉ ቤት ተዘግቶባቸዋል ማለት ነው።

እስካሁን በዚህ ከተማ ክፍተቱን የሞላው ወላጅ ነው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን በ2002 እ.ኤ.አ. የከፈቱት ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት አጥተው ነው። ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልንም ያቋቋሙት ወላጆች ናቸው። እዚያ መግባት የሚፈልገው ሰው ብዙ ነው፣ ቦታው ጥቂት ነው። እኛ ማዕከል የመክፈት አቅም የለንም። ያለን የሰፈራችን የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው።

እንግዲህ የምንጠይቀው ይህን ነው።

ማስታወቂያው ይነሳ፤ ቤት የቀሩት ልጆች በዚሁ ወር ይመለሱ። ከሁሉ በፊት የሰባተኛ ክፍሏ ልጅ ወደ ክፍሏ ትመለስ፣ ቀሪውም ይሰረዝላት።

ለድጋፍ ክፍሉ ቢያንስ አንድ ረዳት ይመደብ። ቅጥር ጊዜ ከወሰደ፣ ስድስት ኪሎ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ክፍል ተማሪዎች ለልምምድ እንዲመጡ ደብዳቤ ጻፉ። መሀል ከተማ መኖር አንድ ጥቅም ካለው ይሄ ነው። የቀድሞዋ መምህርት ደግሞ ፈቃደኛ ከሆነች ወደ ክፍሉ ትመለስ።

«ነይ ውሰጂው» የሚለው ጥሪ ልጁ ታሞ ወይም ተጎድቶ ካልሆነ ይቁም። በምትኩ ከእያንዳንዱ ጥፋት በፊትና በኋላ የሆነው በአንድ ደብተር ይጻፍ፤ በየሁለት ሳምንቱ ከእኛ ጋር ይታይ። ቤት ውስጥ የሠራልንን እኛም እንነግራችኋለን። ከመምህሩ ጋር ለመሥራት ፈቃደኞች ነን፤ በመምህሩ ፋንታ መሥራት ግን አንችልም።

ማጉያው ይዙር። የመውጫ በሩ በትምህርት ሰዓት ኃላፊ ይኑረው። ማንበርከክ፣ ኩርኩምና በጎማ መምታት በጽሑፍ ይከልከሉ። አንድ ጊዜ የቀረበ የሕክምና ማስረጃ ልጁ ትምህርት ቤቱን እስኪለቅ ድረስ ያገልግል። የውጤት ካርዱ ላይም ልጁ የቻለው ነገር ይጻፍ፤ ራሱን ችሎ ሽንት ቤት መሄድ ከጀመረ እሱ ለእኛ ትልቅ ውጤት ነው።

ለዚህ ደብዳቤ በጽሑፍ መልስ እንጠብቃለን፤ ለመነጋገርም ጥሩን፣ ግን ልጆቹ ክፍል ውስጥ ባሉበት ሰዓት ይሁን፤ ሌላ ጊዜ መምጣት አንችልም። እስከዚህ ወር መጨረሻ መልስ ካላገኘን አቤቱታችንን ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም እናስገባለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የድጋፍ ክፍል ተማሪዎች ወላጆች ተወካይ እናት
አዲስ አበባ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.